ክታብ ያሰረ ቀጥ ብሎ አይቁም

ክታብ በሰው ቁመት ልክ ይጻፋል። ይህን ዛሬ ብዙ ሰው አያውቅም። አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ትንሽ የቆዳ ከረጢት የሚያይ ሁሉ ውስጡ አንዲት ቁራጭ ብራና ያለች ይመስለዋል። በአባቴ ቤት ነገሩ እንደዚያ አልነበረም። ባለጉዳዩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በፈትል ይለካል፤ ብራናው በፈትሉ ልክ ተቆርጦ፣ ካልደረሰም ተቀጣጥሎ ይሰፋል። ክፉ መንፈስ የሚገባበት ቀዳዳ እንዳይኖር ነው፤ ክታቡ ከጉልበት ላይ ቢያጥር ከጉልበት በታች ያለው አካል ባለቤት የለውም ይባላል። ጽሑፉ ሲያልቅ ይጠቀለልና በቆዳ ይሰፋል። እንግዲህ ሰውየው ሙሉ ቁመቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል ማለት ነው።

አባቴ ደብተራ ነበር። መኖሪያችን ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በበዓል ቀን ማኅሌት ይቆማል፣ በአዘቦት ቀን ይጽፋል። የሚገለብጥበት መጽሐፍ ከመዳፍ አይሰፋም፤ ከአባቱ የወረሰው፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ የአስማት መጽሐፍ ነው። ለቡዳ፣ ለዛር፣ ለሾተላይ፣ ለዓይነ ጥላ፣ ለገበያ ግርማ ሞገስ፣ ለሁሉም የሚሆን ነገር ነበረው። በየገጹ ዓይናቸውን ያፈጠጡ ሥዕሎች አሉበት። ጠልሰም ይባላሉ። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ስለሆነ ያንንም መጽሐፍ ከትከሻው በላይ ሆኜ አነበው ነበር። ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ታነባለች ወይ የሚል ቢመጣ፣ አባቴ «ዓይን አላት፤ ምን ላድርጋት» ይል ነበር።

ጎረቤቶቻችን አባቴን በሰው ፊት «ያ መተተኛ» ይሉታል። ልጃቸውን ሲያተኩሰው ግን በጓሮ በኩል ገብተው «የኔታ፣ ይድረሱልን» ይላሉ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ይገባኛል። ዳሩ ግን ሕመሙ ሲለቅ ምስጋናው ለጠበሉ ነው፣ ሕመሙ ሲብስ ወቀሳው ለአባቴ። ወንዝ ወርጄ ውሃ ስቀዳ ጥላዬ እንዳይነካቸው ልብሳቸውን ሰብስበው የሚያልፉ ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ ውስጥ ሁለት ሦስቱ አንገታቸው ላይ የአባቴን እጅ ጽሕፈት አስረዋል። ይህን ነገር ይቅር ልበል ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

እዚህ የማንንም ስም አልጽፍም። በቤታችን ስም መጥራት አልተለመደም፤ የክርስትና ስም ማለቴ ነው። ክታብ የሚሠራው በክርስትና ስም ነው፣ መተትም የሚሠራው በዚያው ነው። ስለዚህ ሰው የክርስትና ስሙን እንደ ገመናው ይሰውራል፤ ለአባቴም የሚነግሩት ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው ነበር። አንድ ስም ያላቸው ሰዎች «ሞክሼ» ይባባላሉ፤ ስሙን ሳይጠሩ ስማቸው አንድ መሆኑን መናገሪያ ዘዴ ነው።

ወንድሜ ሞክሼ ነበረው። ቤታቸው ከቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጇም ያው አንድ ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳምንት ተወልደው በአንድ ቀን ክርስትና ተነሡ። ቄሱ ቸኩለው ይሁን ስም አልቆባቸው እንጃ፣ ለሁለቱም አንድ ስም ሰጧቸው። ወንድሜ ረጅም ነው፤ በራችንን ጎንበስ ሳይል አያልፈውም። ዜማ አይገባውም፣ ጾም አይሆንለትም፣ ሳቅ ግን ይችላል። ሞክሼው አጭር፣ ቃሉ ከአፉ የማይወጣ፣ የሚፈራ ልጅ ነበር። «ሞክሼ» ሲባባሉ እየሰማሁ አደግሁ፤ መንደሩ ሁሉ ሌላ ስማቸውን የረሳው ይመስለኝ ነበር።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽጉን ከሠራ በኋላ ወደ ቤታችን የሚመጣው ሰው ተለወጠ። በፊት የሚመጡት የታመመ ልጅ ያዘሉ ሴቶች ነበሩ። አሁን ጫካ የሚገቡ ጎልማሶች መጡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥይት የሚያመክን ክታብ። መጽሐፉ ውስጥ ለጥይት የሚሆን ቦታ ነበረ፤ መጀመሪያ ለጦርና ለጋሻ ዘመን የተጻፈ ሆኖ አንድ የድሮ ሰው በኅዳጉ «ለነፍጥም ይሆናል» ብሎ ጨምሮበታል። አባቴ ይህን ኅዳግ ሲያሳየኝ ሳቅ አለ። «አየሽ፣ መጽሐፍም እንደ ሰው ከዘመኑ ጋር ይሄዳል» አለኝ።

«እውነት ጥይት ይመልሳል?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ልብ ይመልሳል» አለኝ። የሚመለሰው ጥይቱ ሳይሆን የፈሪው ልብ መሆኑ ገባኝ።

ከጻፈላቸው አንዱ ሞተ። ከጉንደ ወይን በኩል የመጣ፣ ገና ጺሙ ያላቀመቀመ ልጅ ነበር። እናቱ እያለቀሰች ስትመጣ አባቴ ልትረግመው የመጣች መስሎት ከመደቡ ተነሣ። እሷ ግን እግሩ ላይ ወደቀች። ክታብ ያሰረ ሰው የሚጠብቃቸው ሕጎች አሉ፤ ለቅሶ ቤት አይገባም፣ ከሴት ይርቃል፣ ሌላም ሌላም። «ልጄ አንዱን አፍርሶብዎት ነው፣ የኔታ። ድካምዎን ከንቱ አደረገብዎ። ይቅር ይበሉት» አለችው። አባቴ ያነሣታል፤ መልሳ ትወድቃለች። መጽሐፉ መቼም አይረታም፤ ሰው ከዳነ ክታቡ ነው፣ ከሞተ ጥፋቱ የሟቹ ነው። አባቴ ያን ዕለት እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ወደ ነፍስ አባቱ ሄዶ ዳግመኛ እንዳይጽፍ ማለ። ተመልሶም መጽሐፉን ማኅደሩ ውስጥ ከቶ የማኅደሩን አፍ በጅማት ሰፋው።

ወንድሜና ሞክሼው ጫካ ለመግባት የተነሡት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የሞክሼው እናት ወዲያው መጣች፤ ነጠላዋን አደግድጋ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«የኔታ፣ ያለኝን ያውቃሉ። አንድ ነው። ይጻፉልኝ» አለች።

«ትቻለሁ እኅቴ። ምያለሁ» አላት አባቴ።

ደጋግማ ለመነችው፤ ደጋግሞ ያንኑ መለሰላት። ይህን ሁሉ እናቴ ከውስጥ ትሰማ ነበር። እናቴ አባቴን አንቱ የምትል ሴት ናት፤ በጎረቤት ፊትም ብቻቸውን ሆነውም ያው ነው። ሴትዮዋ አጥሩን እንዳለፈች ወጣችና፣ «ለእሷ መሐላዎን ይጠብቁ። ለልጅዎስ?» አለችው።

«መሐላ መሐላ ነው።»

«ለአገሩ ልጅ ሁሉ የጻፉ ሰው ለገዛ ልጅዎ እጅዎ ይታሰር? የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል እሰማ ነበር፤ በቤቴ አየሁት።»

መልሱንም ሳትጠብቅ ከእንዝርቷ ፈትል አወጣችና ወንድሜን ጠራችው። ግቢው መካከል አቁማ ለካችው። አናቱ ጋ ስላልደረሰች እኔ ግንድ ላይ ቆሜ የፈትሉን ጫፍ ያዝሁላት። ወንድሜ «ለበርኖስ ከሆነ ሰፊ ይሁንልኝ» እያለ ይስቃል። እናቴ ፈትሉን ጠቅልላ አባቴ ጉልበት ላይ አኖረችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። አባቴ ፈትሉን በጣቱ እየጠቀለለ እየፈታ ረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ካራ አምጪልኝ አለኝ፤ የማኅደሩን ስፌት በጠሰው።

ሲጽፍ አጠገቡ ነበርሁ። ፊቱ የተቆጣ ሰው ፊት ነበር፤ እጁ ግን አልተሳሳተም። ለስሙ ቀይ ቀለም አዘጋጀና በየቦታው የልጁን የክርስትና ስም አገባ። ስሙ ጋ በደረሰ ቁጥር ብርዑን አንሥቶ ትንሽ ያርፍ ነበር።

ወንድሜ ሲሰናበት አባቴ ክታቡን በእጁ አሰረለትና ሕጉን ነገረው። ለቅሶ ቤት አትግባ፤ ከሴት ራቅ፤ ወንዝ ስትሻገር እንዳይርስ በጥርስህ ያዘው። ወንድሜ እሺ እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «አንድ ሌላ አለ፤ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ክታብ ያሰረ ቀጥ ብሎ አይቁም። ተኩስ ሲሰማ ይተኛል፣ ድንጋይ ያስቀድማል። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ክታቡ አይሠራለትም» አለው።

«መጽሐፉ ነው እንዲህ የሚለው?»

«መጽሐፉ ነው።»

መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ። እንዲህ የሚል ቃል የለበትም። አባቴ ከራሱ አውጥቶ የጨመረው ነው። ወንድሜ የአባቱን ምክር በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው የሚያፈስስ ልጅ እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጽሐፉን ግን ይፈራል። የአባቴን ዘዴ ሳየው አንጀቴን አራሰው። አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ጠበቅን። አንዳንዴ ከመንገደኛ ወሬ ይደርሰናል፤ ደህና ናቸው፣ በረሃ ወርደዋል፣ ተመልሰዋል ይሉናል። አንዳንዴ ባንዳዎች መጥተው ቤቱን ይፈትሻሉ። አንድ ጊዜ መጽሐፉን አግኝተው ከመካከላቸው አንዱ ሊወስደው ሲከፍት ሥዕሎቹ አፈጠጡበት፤ መልሶ እንደ ሕፃን በቀስታ አስቀምጦት ወጣ። እናቴ ያን ቀን ደስ አላት። «አያችሁ፣ ይፈሩታል» አለች። እኔም ወንድሜ አንገት ላይ ያለው ያው ኃይል መስሎኝ ትንሽ ደስ ብሎኝ እንደነበረ አልክድም።

ጤፍ ሲወቃ የወንድሜ ሞክሼ ብቻውን መጣ። ወደ እናቱ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ መጣ። አባቴ ግቢው ዳር ካለው አውድማ ላይ ነበር። ልጁ ቆሞ ሲያየን ማንም እንዲነግረን አላስፈለገም። እናቴ መጀመሪያ ያየችው አንገቱን ነው። የአባቴ የቆዳ ስፌት በየትም ቢሆን ይታወቃል።

«ማን ሰጠህ?» አለችው።

ልጁ ማልቀስ ጀመረ፤ እያለቀሰም ተናገረ። «እኔ ፈርቼ ነበር፣ እማማ። ጠመንጃውን ጥይት ማጉረስ አቃተኝ። እሱ አየኝና ከአንገቱ አውልቆ አሰረልኝ። እምቢ ስለው ‹ሞክሼ አይደለን? ክታቡ ስም እንጂ መልክ አያውቅም› አለኝ። ‹ቁመቱም ይተርፍሃል› ብሎ ሳቀብኝ። ሕጉንም ነገረኝ።»

«ምን ብሎ?» አለ አባቴ።

«ለቅሶ ቤት አትግባ አለኝ። ቀጥ ብለህ አትቁም፣ ተኛ፣ ድንጋይ አስቀድም አለኝ። ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ተኩስ ሲከፈትብን እንዳለኝ ተኛሁ። እሱ ግን ቆሞ ይተኩሳል። ተኛ፣ ተኛ እያልሁ ጮኽሁበት፣ የኔታ። ‹ትእዛዙ ለክታቡ ነው፤ ክታቡ አንተ ጋ ነው› አለኝ። እየሳቀ ነው የመለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።»

አባቴ ጭዱ ላይ ተቀመጠ። «ከመጽሐፉ አይደለም» አለ። ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው፣ ለማንም አልነበረም። «እኔ ነኝ ያልሁት። እኔ ነኝ።»

ከእኔ በቀር ማንም አልገባውም። አባቴ የገዛ ልጁን የሚያድን አንድ እውነተኛ ቃል ነበረው፤ ያንን ቃል ብራና ላይ ጠመጠመው። ብራናው ሲወልቅ ቃሉም አብሮ ወለቀ። እንደ አባት ነግሮት ቢሆን ወንድሜ ይሰማው ነበር ወይ? ምናልባት አይሰማውም ነበር። ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን በሙሉ ተሸክሜዋለሁ፤ አባቴ ከእኔ የባሰ ተሸክሞታል።

ሞክሼው ክታቡን ፈትቶ ለእናቴ ዘረጋላት። እናቴ ተቀብላ በመዳፏ ላይ አየችው። ሁላችንም መሬት ላይ የምትወረውረው፣ ወይም ልጁን የምትመታው መስሎን ነበር። እሷ ግን መልሳ አንገቱ ላይ አሰረችለት። እጇ ቋጠሮው ላይ ብዙ ቆየ። «ላንተ ተረፈህ። ለእኔ ጎደለኝ» አለችውና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ልጅ ቀና ብላ አላየችውም፤ እሱም ግቢያችን ሲደርስ አንገቱን ይደፋ ነበር። እናቱም ከእኛ ቤት እሳት መጫሯን ተወች። ልጇ በመዳኑ ማፈር ነበረባት፤ ደስ አይበልሽ እንዳትባል ደግሞ ልጇ ነው። አሳዘነችኝ።

ከአርባው ተዝካር በኋላ አባቴ እናቴን ሊያጽናናት ሞከረ። ነገሩን እስከ ሥሩ ሊነግራት ፈልጎ ነበር። «ስሚኝ፤ ክታቡ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም። ባዶ ነው። ቀለምና ብራና ነው። አባቴም ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቃለሁ። ‹ባይሰጥ ኖሮ› እያልሽ አትቃጠዪ» አላት።

እናቴ የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። «አንተ!» አለችው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ስትለው ሰማሁ። «ልጄ ነፍሱን ከአንገቱ አውልቆ ለሰው ሰጠ። የሰጠው ቀለምና ብራና ነው ልትለኝ ነው? ለባዶ ነገር ሞተ ልትለኝ ነው?»

አባቴስ ምን ይመልስ? ክታቡ ባዶ ከሆነ የልጁ ስጦታ ባዶ ነው፤ ክታቡ እውነት ከሆነ ልጁ የሞተው በገዛ ስጦታው ነው። እናቴ ሁለተኛውን መረጠች። የበለጠ የሚያቃጥለውን መረጠች፤ ልጇን ትልቅ የሚያደርገው እሱ ነበርና።

ወሬው ግን በእኛ ግቢ አልቀረም። ያሰረው ተመለሰ፣ ያወለቀው ሞተ፤ በአንድ ስም፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ተኩስ። ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? በወንድሜ ሞት የአባቴ ስም ከፍ አለ። ከሉማሜ በኩል፣ ከዓባይ አፋፍ ድረስ ሰው መጣ። መተተኛ ይሉት የነበሩት ጎረቤቶቻችን ሳይቀሩ በፊት ለፊት በር መግባት ጀመሩ። በወንድሜ ሬሳ ላይ ተረማምደው የሚገቡ መሰለኝና ጠላኋቸው። አባቴ ለመጣው ሁሉ «ባዶ ነው፤ ሂዱ፣ ጸልዩ» ይላል። እነሱ ደግሞ «ኀዘኑ አልወጣለትም»፣ «መጽሐፉን ሊደብቅብን ነው» ይባባላሉ።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ረጅም ልጅ ነው፤ በራችንን ሲገባ ጎንበስ አለ። አባቴ አይቶት ፊቱን አዞረ።

«እኅቴ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፤ ባዶ ነው» አላት።

«ባዶ ከሆነ የእርስዎ ልጅ ሲያወልቀው ለምን ሞተ?» አለችው። በክፋት አልነበረም የተናገረችው፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

እናቴ ከጓዳ ወጣች። እንዝርቷን ይዛለች። ልጁን ክንዱን ይዛ ወደ ግቢው አወጣችው፣ በፀሐዩ አቆመችው፣ ከራሱ ጀምራ ለካችው። ፈትሉን አምጥታ አባቴ ጉልበት ላይ አኖረችው።

«ይጻፉላት» አለችው። «የልጄን ነገር ውሸት አያድርጉብኝ።»

አባቴ አየት አደረጋት። ብዙ አመት አብረው ኖረዋል፤ በዓይናቸው የተባባሉትን እኔ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ጆሮውን ሰጠ፤ ጎንበስ ብላ የልጇን የክርስትና ስም ነገረችው።

ጽፎ ሲጨርስ ልጁን አጠገቡ አስቀመጠው። እጁን ያዘው። «ስማኝ ልጄ። ይህን የምነግርህ እኔ ነኝ። ልጁ የሞተበት ሰው ነው የሚነግርህ። ይህ ነገር አንገትህ ላይ ኖረም አልኖረም፣ ተኩስ ሲጀመር ተኛ። ድንጋይ አስቀድም። ለማንም ብለህ አትቁም» አለው።

«እሺ፣ የኔታ» አለ ልጁ በትሕትና። ልቡ ሌላ ቦታ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ወንድሜም እንዲሁ ነበር እሺ የሚለው። ተነሥቶ ጉልበት ስሞ እናቱን ተከትሎ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ዞር አለ።

«የኔታ፣ መጽሐፉስ? መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል?»

አባቴ እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። እናቴ እየጠበቀች ነው፣ ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው፣ ልጁ አንገቱን አዘንብሎ እየጠበቀ ነው።

«መጽሐፉም እንደዚያው ነው የሚለው» አለ አባቴ። «ክታብ ያሰረ ቀጥ ብሎ አይቁም።»

ልጁ አሁን ሰማ። ቃሉን እንደ ዳዊት ደግሞ ደጋግሞ አለውና ሄደ።